መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት

የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከደሴ ብዙም አይርቅም። አንድ ሰፊ ክፍል፣ አንድ ጠባብ መጋዘን፣ ክረምት ሲገባ የሚያፈስ ጣሪያ አለው። ሥራ እንደጀመርኩ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ቀስ ብዬ ሳስተውል ግን ልጆቹ የሚያነቡት የራሳቸውን ደብተር ነው። ካልሆነም ስልካቸውን። ከመደርደሪያው መጽሐፍ የሚያወርድ በቀን አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ወደኛ የሚያመጣቸው ወንበሩ፣ መብራቱና ጸጥታው ነው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣልን። በእርዳታ፣ ካርቶኑ እንዳለ። ርክክብ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ለስላሳ ጠጣን። የገጠማቸው ባለሙያ የይለፍ ቃል አበጀላቸውና ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ። ቃሉን ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስልኩም ሲደወል አይገኝም። ኮምፒውተሮቹ ከዓመት በላይ ጨርቅ ለብሰው ተቀመጡ። አንዱ ላይ አበባ ማስቀመጫ ሁሉ አድርገንበት ነበር።

"ዘመኑ ተለውጧል፣ ቤተ መጻሕፍት ምን ያድርግ?" ሲባል ሁሉም ቶሎ የሚያስበው ግዢ ነው። እኔ ግዢን አራተኛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው በወረዳ ከተማ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ትንሽ ላይብረሪ ለያዛችሁ ነው። ትልልቆቹ የራሳቸው ባለሙያ አላቸው።

1. በሩ ላይ ደብተር አስቀምጡ

አንድ ደብተር ውሰዱና ሦስት ቦታ አስምሩበት፦ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን አልነው። ስም አትጻፉ። "የ10ኛ ክፍል ልጅ"፣ "ነርስ"፣ "ገበሬ" ማለት ይበቃል። ቢያንስ አራት ሳምንት ጻፉ። የገበያ ቀን የግድ ይግባበት። ለምሳሌ ባቲ ገበያው ሰኞ ነው፤ የሰኞው ሰውና የረቡዕ ሰው አንድ አይደለም።

መጠይቅ አትበትኑ። ሰው መጠይቅ ላይ የሚጽፈው የሚያስከብረውን ነው፤ "ልብ ወለድ ቢበዛልን" ይላችኋል። በሩ ላይ የሚጠይቀው ግን የቸገረውን ነው።

ዋናው ሦስተኛው ቦታ ነው። "የለም"፣ "ነገ ና"፣ "እሱ እኛን አይመለከትም" ያልንበትን ሁሉ ሳንሸፋፍን መጻፍ አለብን። የኛ ደብተር ሲሞላ ምን ወጣ? የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች። ሲቪ ማሠራት። የሥራ ማመልከቻ መሙላት። የዶሮ መድኃኒት ላይ ያለውን ጽሑፍ ማስነበብ። እና ደግሞ "ስልክ ቻርጅ ላድርግ?"

ይሄ የመጨረሻው ያናድደን ነበር። ላይብረሪ እንጂ ሱቅ አይደለንም እንል ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ማከፋፈያ ገዝታ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ቻርጅ ሊያደርግ የገባ ልጅ ስልኩ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ መጨረሻው አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ መግለጥ ነው።

2. መደርደሪያውን አጽዱ፣ ግን በሥርዓቱ

በእርዳታ የመጣ የውጭ አገር የግብር ሕግ፣ ዊንዶውስ 98 እንዴት እንደሚጫን የሚያስተምር መጽሐፍ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሰው አገር የስልክ ማውጫ። እነዚህ ቦታ ይዘው ጥሩውን ይደብቃሉ። አውጧቸው።

ነገር ግን ተነሥታችሁ አትጣሉ። መጽሐፉ በሞዴል 19 (በንብረት መቀበያ ሰነድ) ገቢ የሆነ የመንግሥት ንብረት ነው። ዝርዝር አዘጋጁ፣ ለንብረት ክፍል በደብዳቤ አሳውቁ፣ ኮሚቴ ይይበት። ይህን ሳያደርግ አሮጌ መጽሐፍ ለስኳር መጠቅለያ የሰጠ ሰው ኋላ ኦዲት ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ።

የማይወጣው የቱ ነው? ስለ አካባቢው የተጻፈ ማንኛውም ነገር። የወረዳው የድሮ ሪፖርት፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የድርቅ ዘመን የእርዳታ መዝገብ። እነዚህን ኢንተርኔት ላይ አታገኟቸውም። የትም አታገኟቸውም።

3. መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ

ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አስገቡ የሚላችሁ ይኖራል። ኮሃ ጥሩ ነው፣ ነፃም ነው። ግን ሊነክስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት፤ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ሺህ መጽሐፍ ላለው ቤት ኤክሴል ወይም ነፃው ሊብሬ ኦፊስ ይበቃል። ሰንጠረዡ በወጉ ከተሠራ በኋላ ወደ ኮሃ መገልበጥ ይቻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የኮምፒውተር ተማሪ ክረምት ላይ ለልምምድ ጠይቁ።

አምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ተራ ቁጥር፣ ጸሐፊ፣ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ.፣ የዲዊ ቁጥር (መጽሐፉን በርዕሰ ጉዳይ የሚመድበው)፣ መደርደሪያ፣ ስንት ኮፒ። የዘመን አቆጣጠሩን ለብቻ ያዙት። "1966" ብቻ ከተጻፈ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ይሁን ወይስ ከዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ቀደም ያለው አይታወቅም።

የጸሐፊ ስም ከራስ ስም ይጀምር። የውጭው ፎርም የአባት ስም አስቀድሙ ይላችኋል። አበበ ከበደን "ከበደ፣ አበበ" ብላችሁ ብትመዘግቡት በከበደ የሚፈልገው ሰው የለም።

አሁን ዋናው ጣጣ ይመጣል፤ ፊደላችን። አንዱ "ኃይለ ሥላሴ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ሀይለ ስላሴ"፣ ሦስተኛው አጋጥሞ "ኀይለሥላሴ"። ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ስሠራ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አንዲት አስተማሪ መጽሐፍ አስፈልጋኝ "የለም" ብዬ መለስኳት። እሷ ዞር ብላ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ራሷ አወረደችው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ርዕሱንና ስሙን መጽሐፉ ላይ እንደታተመው ጻፉ፤ የደራሲው አጻጻፍ አይነካም። ከጎኑ "መፈለጊያ" የሚባል ተጨማሪ አምድ ክፈቱ። እዚያ ያንኑ ጽሑፍ ገልብጡና በ"ፈልገህ ተካ" አንድ ወጥ አድርጉት። የሐና የኀ ዘሮች ሁሉ ወደ ሀ፣ የሠ ወደ ሰ፣ የዐ ወደ አ፣ የፀ ወደ ጸ ይሂዱ። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ሓ፣ ኃ እና ዓ አራተኛ ሆነው ሳለ የሚሄዱት ወደ ሀ እና አ ነው፤ ድምፃቸው ያው ነዋ። ዲቃላዎቹን (እንደ ሗ ያሉትን) ሳንቆጥር 37 ለውጥ ይሆናል። አንድ ጊዜ ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ትእዛዝ) የሚያበጅላችሁ ልጅ ካገኛችሁ ሁሉም በአንድ ጠቅታ ያልቃል። ክፍት ቦታውንም አጥፉ፤ "ቤተ መጻሕፍት" እና "ቤተመጻሕፍት" ያን ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ፈላጊውም ሲጽፍ በዚሁ ሕግ ይጻፍ። ሕጉን በወረቀት ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፉት።

አንድ ሌላ ነገር። ቢሮው የድሮ ዝርዝር ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ተጽፎ ሊኖረው ይችላል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት አድርገው የሚያነቡበት ስልት) ከመስፋፋቱ በፊት በነበረው ስልት ስለተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ። ካላገኛችሁም ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አትሙና እንደገና ጻፉት። ያበሳጫል፣ ግን ከመጥፋቱ ይሻላል።

4. ሳጥኗን አዘጋጁ

ግዢ እዚህ ይመጣል። ሳጥን የምላት ያለ ኢንተርኔት የምትሠራዋን ትንሽ ላይብረሪ ነው፤ አንድ ላፕቶፕና አንድ የዋይፋይ ራውተር ይበቃችኋል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ደግሜ ልበለው፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይገባበትም ክፍሉ ውስጥ ያለን ስልክ ሁሉ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል።

ላፕቶፑ ላይ ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ዊኪፒዲያን ጠቅልሎ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። የአማርኛው ትንሽ ነው፤ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። ለ9ኛ እና 10ኛ ክፍል ልጅ የምመክረው ግን በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ የሚቸገረው ደግሞ በሳይንሱ ሳይሆን በቋንቋው ነው። ፌት የሚባለው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያም በዚሁ መልክ ይገኛል። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ዑደት ስልክ ላይ እየገጠሙ አምፖል ሲበራ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮ ትምህርት የምትፈልጉ ኮሊብሪ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጨምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ደብተራችሁ የጠየቀውን አስገቡ፦ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣቸውን መማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም። ፒዲኤፉ ግን አለ።

ማውረዱን ፈጣን መስመር ያለበት ቦታ አድርጉት። እኔ ደሴ አንድ ወዳጄ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሳወርድ አደርኩ። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ተከናንቤ መቶኛውን እቆጥራለሁ። ጠዋት ወደ ሃርድ ዲስኬ ልገለብጥ ስል "ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው" አለኝ። ዲስኩ ባዶ ነው! ወዳጄ ሳቀብኝ። ዲስኩ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ነው፤ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት መቀየር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

አገጣጠሙ ይህን ይመስላል። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙ። ኪዊክስን ከፍታችሁ ከምናሌው የአካባቢ ሰርቨር የሚለውን አስጀምሩ። በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ያሳያችኋል። አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ልጁ ዋይፋያችሁን ይይዛል፣ ብሮውዘሩ ላይ ቁጥሩን ይጽፋል፣ አለቀ። ለመማሪያ መጻሕፍቱ ደግሞ ኮሊብሪ ፒዲኤፍ ይይዛል፤ ይህ ካስቸገራችሁ ብሉቱዝና ሚሞሪ ካርድ የት ሄዱ?

ልጆቹ "አይሠራም" ሲሏችሁ ዘጠና በመቶው ምክንያት አንድ ነው። ዘጠና ያልኩት በአፌ ነው፤ ቆጥሬ አይደለም። ስልኩ "ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ዳታውን አጥፉ በሏቸው። ይህንንም ከአድራሻው በታች ጻፉት።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ይሸጣል፤ ቮልቱን ከራውተሩ ጀርባ አይታችሁ ግዙ። ከላፕቶፕ ይልቅ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን የመዳፍ ኮምፒውተር ብታገኙ የበለጠ ጥሩ ነው። 5 ዋት ገደማ ብቻ ነው የምትበላው። 20 ሺህ ሚሊ አምፒር አወር ያለው ፓወር ባንክ፣ እውነት የተጻፈበትን ያህል ከያዘ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 60 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህም ወደ 12 ሰዓት ነው። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን እየተሞላ ለሌላ አይሰጥም፤ ወይም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለቅጽበት ይቆርጣል። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሞክሩት። ባለሱቁ ቢቆጣም ሞክሩት።

የሰው ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ አትሰኩ። አቃፊውን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ የለም። ፋይል የሚሰጥበት ኮምፒውተር ለብቻ ይሁን።

የሁሉንም ሁለተኛ ኮፒ ደግሞ ሌላ ከተማ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ኮምፒውተሩ ሲጫን አይተናል። የተጫነው ኮምፒውተር ይተካል። ውስጡ የነበረው ግን አብሮ ሄዷል።

5. ዓርብ ከሰዓትን ለስልክ ስጡ

ከገጠር የመጡት ልጆች ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ሦስትና አራት ሰዓት በእግሩ ነው። እዚያ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ስልካቸውን የምንሞላበት ጊዜ አደረግነው። መማሪያ መጽሐፉን፣ ያለፈውን ዓመት ፈተና፣ የኪዊክስን ትንሽ ፋይል እንጭንላቸዋለን። ስማርት ስልክ የሌለው ካለው ጋር ይጣመር፤ አንድ መንደር የሚሄዱትን ራሳቸው ያውቃሉ።

የቴሌግራም ቻናልም ክፈቱ። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ሲል ቴሌግራም ማለቱ ነው። የፋይሉን ስም በአማርኛና በግልጽ ጻፉ፦ "ባዮሎጂ 11ኛ ክፍል የተማሪ መጽሐፍ"። "የመጨረሻው አዲሱ 2" የሚል ፋይል ለማንም አይጠቅምም።

ልብ ወለድ ስካን አድርጋችሁ አትጫኑ። ሁሉም ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። ከሕጉም ሌላ፣ መጽሐፉን አሳትሞ ከደሴ ፒያሳ እስከ ወልድያ ራሱ ተሸክሞ የሚያዞር ደራሲ አውቃለሁ። የሱን ፒዲኤፍ ስናዞር ምን ፊት ይዘን ሰላም እንለዋለን?

6. የማውስ ሰዓት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የኛ ልጆች ስልክ ላይ ጣታቸው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ነው። ኮምፒውተር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያ ቀን አንዲት ጎበዝ ተማሪ ቀስቱን ወደ ላይ ውሰጂው ስላት ማውሱን ከጠረጴዛው ወደ አየር አነሣችው። ሌሎቹ ሳቁ። ሳቁ እንጂ እነሱም አያውቁም ነበር።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ለአንድ ልጅ በሳምንት 40 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት። አንደኛው ሳምንት ማውስ ብቻ፤ ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የካርታ ጨዋታ (ሶሊቴርን) የሚያህል የለም። ከዚያ ገጽ መውረድና መውጣት፣ ምርጫ ላይ መጫን፣ ወደ ዘለሉት ጥያቄ መመለስ። በመጨረሻ ሰዓት ተይዞ ያለፈ ፈተና መሥራት። ኮምፒውተር ካነሰ አንዱ ይነካል፣ አንዱ ከጎን ያያል፣ በ20 ደቂቃ ይቀያየራሉ። ለሴቶቹ የራሳቸውን ሰዓት ለዩላቸው። ሲቀላቀሉ ማውሱን የሚይዘው ማን እንደሆነ አይታችሁታል።

7. ፎርም ለሚሞሉት

ጠዋት አንዲት እናት ይመጣሉ። ስልካቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ይዘዋል። "ልጄ፣ ይቺ መልእክት ምንድን ናት የምትለው?" ፋይዳ ይሁን ቴሌብር፣ ወይ የልጃቸው የትምህርት ምዝገባ። ይህን ሥራ አትናቁት። ሰውን ከመረጃ ጋር ማገናኘት ከተባለ ከዚህ በላይ የለም።

ሕጉ ግን ጥብቅ ይሁን። ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ፤ እናንተ አንብቡ፣ እሳቸው ይጫኑ። በቴክስት የሚመጣውን የሚስጥር ቁጥር ጮክ ብላችሁ አታንብቡ፣ አትጻፉትም። የመታወቂያ ፎቶ በእናንተ ስልክ አታንሡ። ኮምፒውተር ላይ የከፈታችሁትን ገጽ ሰውየው ወንበሩን ሳይለቅ ዝጉት፤ የወረደውን ፋይል አጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1321/2016። አዋጁ ባይኖርም፣ "እማማ ያንን ቁጥር ይንገሩኝ" ብሎ በስልክ የሚያጭበረብረው ሌባ በበዛበት ጊዜ እኛ "ቁጥሩን ለማንም አይንገሩ፣ ለኔም ጭምር" ማለት አለብን። አንዴ እንዲያ ብዬ አንዲት እናት ተቆጡኝ፦ "አንተን ካላመንኩ ማንን ልመን?" አሁንም አልነገሩኝም።

8. የአገሩን ጽሑፍ ፎቶ አንሡ

ወሎ የመጽሐፍ አገር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርትና የመጽሐፍ ቤት አድርገውት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም መጻሕፍትን ከየቦታው ሰብስበው መቅደላ ላይ አከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ያ ሁሉ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ። 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ የሐይቅ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተዋል። መጽሐፉ ከቦታው ሳይነሣ ምስሉ ለአንባቢ ደረሰ። የምናደርገው ሁለተኛውን ነው።

በየቤቱ ያለው ብዙ ነው። የአብነት ትምህርት የተማሩ አባት ሣጥን ውስጥ ያለ ብራና። ሼሁ ከአያታቸው የወረሱት፣ አማርኛው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈበት የዐጀሚ መንዙማ ደብተር። ስለ ጀማ ንጉሥና ስለ ዳና፣ ስለነዚያ የታወቁ የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች፣ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ዜማውን ነው፤ ወረቀቱ ግን ምስጥ እየበላው ነው።

አካሄዱን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ቡና ጠጡ። ጭራሽ ካሜራ ሳትይዙ ሂዱ። "ሼሃችን፣ መጽሐፉ ከእርስዎ ቤት አይወጣም፤ እዚሁ ደጃፍዎ ላይ አንሥቼ ኮፒውን ለእርስዎ እሰጣለሁ" በሉ። ከተስማሙ በሌላ ቀን ተመለሱ። ካልተስማሙ አመስግናችሁ፣ ዱዓ ተቀብላችሁ ውጡ።

ለማንሣት ጠዋት በር አጠገብ ያለ ብርሃን ይበቃል፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ፍላሽ አታብሩ። ቁም ነገሩ ጥራት ነው፦ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ እንዲኖረው ወደ 9 ሜጋ ፒክስል ያስፈልጋል። 12 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ያለው ስልክ ገጹን እስከ ጠርዙ ከሞላ ይወጣዋል። ስልኩን በእጅ አትያዙ፤ ሁለት ወንበር ላይ ጣውላ አጋድማችሁ ከላይ አስቀምጡት። ከገጹ ጎን ማስመሪያ አኑሩ። ሽፋኑን፣ ባዶውን ገጽ፣ ጠርዝ ላይ የተጫረውን ሁሉ አንሡ። ዕዳና ውርስ፣ የልጅ ልደት፣ የረሃብ ዘመን የሚጻፈው እዚያ ነው። ጀርባው የሚሰነጠቅ መጽሐፍ በግድ አይለጠጥ። እስከሚከፈተው ብቻ።

ስሙን ወዲያው ስጡት፦ መንደር፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር። የባለቤቱን ስም ፋይሉ ላይ አትጻፉ፤ የብራና ነጋዴ መንገድ እንዳያገኝበት ለብቻው መዝገብ ላይ ያዙት። የመጀመሪያው ኮፒ ለባለቤቱ በፍላሽ ይሰጥ። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው።

9. ለሚተካችሁ ሰው

ሪፖርት ስትጽፉ "ስንት መጽሐፍ አለ" የሚለውን መልሱና ከሥሩ የደብተሩን ቁጥር ጨምሩ፤ በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ጊዜ "የለም" አልን፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ዛሬ "አለ" ሆነ። በጀት ስትጠይቁ የሚያግዛችሁ እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት አውጡ። የላፕቶፑን፣ የራውተሩን፣ የቴሌግራም ቻናሉንና የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በእጃችሁ ጻፉ። ቻናሉ በግል ስልካችሁ የተከፈተ ከሆነ ሌላ ሠራተኛ አስተዳዳሪ አድርጉበት። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ የት ከተማ፣ ማን ዘንድ እንዳለ ጨምሩ። ፖስታ ውስጥ ከታችሁ አሽጉት፣ በላዩ ፈርሙበት፣ ማኅተም አስመቱበት። ንብረት ክፍል ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲረከቡም ያስፈርሟችሁ። የይለፍ ቃል በቀየራችሁ ቁጥር ፖስታውን ለውጡ፤ ቀኑን ውጭው ላይ ጻፉ።

በነገራችን ላይ የኛን ኮምፒውተሮች የከፈተልን አንድ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ሻይና ብስኩት ጋበዝነው።